መስመር የማይተዉት እቴ ብርሌ
(ወይዘሮ እፀገነት ሐድጉ፣ ከ1957 እስከ 2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እፀገነት ሐድጉ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ዋጃ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ጀርባ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ሐድጉ ገብረዮሐንስ ከማይጨው ወርደው ዋጃ ላይ ጨርቅና ጨው የሚነግዱ ሰው ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ግደይ ደግሞ የዚያው የዋጃ ልጅ ናቸው። እማማ እፀገነት ስለ ልደታቸው ሲያወሩ «እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የእናቴ አይደለም፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነው!» ይሉ ነበር። ይሄን ብለው ደሞ ዝም አይሉም፣ ጥሩምባውን ራሳቸው ይነፉታል፤ ከዚያ በቃ፣ ቤቱ በሳቅ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ዋጃ ተማሩ። ዘጠነኛ ሲደርሱ ግን ቆቦ መመላለስ ግድ ሆነ፣ በየጠዋቱ መኪና ይሳፈራሉ። በ1975 ዓ.ም.፣ አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ አንድ ቀን ከሾፌሩ ጀርባ ካለው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። መስኮቱ አቧራ ለብሷል፤ እሳቸው ደሞ ማሽላው ሲያሸት ማየት ይወዳሉ። በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉት። ሾፌሩ አዲስ፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ ነበር። በውስጥ መስታወት ዓይቷቸው ኖሯል፦

«አንቺ፣ አቧራውን እኮ ከላይ ወደ ታች አዘዋወርሽው እንጂ አልጠረግሽውም!»

«እንግዲያ አንተ ጥረገዋ! መኪናው ያንተ አይደል?»

«ያንቺም ይሆናል።»

ኧረ! በ1975 ዓ.ም. እንዲህ ይባል ነበር ማለት ነው! መኪናው ደሞ የሁለቱም አልነበረም፣ የአንድ የአላማጣ ነጋዴ ነበር። ያ ሾፌር አባባ፣ አቶ እንዳለው ረዳ፣ ናቸው። ጥር 1977 ዓ.ም. በሥርዓት ተጋቡና ቆቦ ኑሮ ጀመሩ። በ1979 ተመስገንን፣ በ1981 ሳባን ወለዱ። እማማ ስለነዚያ ዓመታት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። አባባ ከወልድያ ሲመለሱ ጥሩምባውን ከሩቅ ለይተው ያውቁት ነበር፤ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። እሱን ሲሰሙ ወጥ ይጥዳሉ። አባባ መኪና ሲነዱ የሚያምሩትን ያህል ሌላ ምንም ሲሠሩ አያምሩም ነበር ይላሉ፤ ክንዳቸው መስኮቱ ላይ፣ ጎፈሬያቸው በነፋስ።

ከዚያ ጥር 19 ቀን 1989 ዓ.ም. መጣ።

ዋዜማውን የአባባ ቅጥቅጥ ሰርገኛ ጭኖ ነበር የዋለው። የራያን ሰርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጭንቅላት ሁሉ ቅቤ ነው! የተደገፈው መስኮት ሁሉ ወዝቷል። የሙሽሪት እናት ደሞ ደስታው በዝቶባቸው መኪናውንም እንደ ሙሽራ ግንባሩን፣ ማለት የፊት መስታወቱን፣ በቅቤ ቀብተው መረቁት። አባባ ደክመው ተኙ። እማማ አዘኑላቸውና ጎህ ሲቀድ ቀድመው ተነስተው ሊያስደስቷቸው መስታወቱን አጠቡ። በዱቄት ሳሙና። በጉድጓድ ውሃ። በችኮላ። በሻሻቸው አድርቀው «ጸድቷል፣ ሂድ» አሏቸው።

በጨለማው ጸድቶ ነበር። ተሳፋሪ ጭነው ወደ ወልድያ ወጡ፤ ጎብዬ ሊደርሱ ሲሉ ግን ፀሐይ በዞብል ተራራ ላይ ብቅ አለችና መስታወቱን በጎን መታችው። ቅቤና ሳሙና የተቀላቀለበት መስመር ሁሉ እንደ ወተት ነጭ ሆነ። ግመል መንገድ እያቋረጠ ነበር። አባባ ያዩት ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ነው፤ መሪውን ጠመዘዙና ከነተሳፋሪው ማሽላ ማሳ ውስጥ ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም፣ የአንድ ሰው ክንድ ነው የተሰበረው። ግመሉ እንኳ ዞር ብሎ አላያቸውም፣ መንገዱን ቀጠለ።

አባባ ግን መንገዳቸውን አልቀጠሉም። «ዓይኔ ከዳኝ» አሉ። «ያን የሚያህል ግመል ያላየ ዓይን ነገ ሕፃን አያይም» ብለው ቁልፉን ለባለቤቱ መለሱ። ደሴ ሄደው መነጽር አሠሩና መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኑ። የቆቦ ሰው ደሞ ቀልድ ካገኘ መች ይለቃል! «አያ እንዳለው፣ ያ የቆመው ግመል ነው ምሰሶ?» ይሏቸዋል ገበያ ላይ። «ግመል ያልታየው» የሚል ስም ወጣላቸው። እሳቸው ይስቃሉ። ቤት ገብተው ራት ሲበሉ ግን ግራ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ፍሪሲዮን ይረግጥ ነበር፣ ሳያውቁት። እማማ ያንን እግር ሲያዩ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ያስቀምጣሉ።

ምክንያቱም በማግስቱ መኪናው ከማሳው ተጎትቶ ሲመጣ ሄደው አይተውት ነበር። የፊት መስታወቱ አልተሰበረም። የእጃቸው ዙር፣ የሻሻቸው መስመር፣ ሁሉም ደርቆ እዚያው ነበር። የአባባ ዓይን ምንም አልሆነም። የእሳቸው ጥርጊያ ነው። ይሄን ለአንድ ሰው ብቻ ተናገሩ፣ ለጎረቤታቸው ለሎሚ ሻጯ ለወይዘሮ ኡሙሰልማ።

«ንገሪው» አሉ ወይዘሮ ኡሙሰልማ። «ወላሂ ዛሬውኑ ንገሪው።»

«ለፋሲካ እነግረዋለሁ።»

«የትኛው ፋሲካ?» ይሏቸው ነበር ከዚያ በኋላ በየዓመቱ።

አልተናገሩም። ግን ቁጭም አላሉም። መስታወት እንዴት መስመር ሳይተው እንደሚጸዳ ካላወቅኩ አልሞትም አሉ። የቤታቸው ቡፌ መስታወት ነበረው፤ ለወጥ የመጣውን ቅቤ እሱ ላይ ቀብተው በአመድ፣ በእንዶድ፣ በነጭ ጋዝ ሞከሩ። ሳባ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ «እማዬ ቡፌውን ሹሩባ ልትሠሪው ነው?» ብላ ጠይቃቸዋለች! መጨረሻ ላይ መፍትሔው ከወይዘሮ ኡሙሰልማ ዘንቢል ወጣ፣ ሎሚ። ቅቤን ከመስታወት የሚያላቅቀው የሎሚ ውሃ ነው፣ ሳሙና አይደለም። ውሃው ደሞ የጉድጓድ አይሆንም፣ የቆቦ ጉድጓድ ሲደርቅ ነጭ ይተዋል። የዝናብ ውሃ ነው። ክረምት ክረምት ከቆርቆሮው በበርሜል ያጠራቅማሉ፣ ከዚያ በርሜል አንድ ስኒ ለቡና የወሰደ ወየሁለት።

በ1990 ዓ.ም. ባልዲያቸውን ይዘው መናኸሪያ ወጡ። ሴት መኪና ስታጥብ ታይቶ አይታወቅም ነበርና መጀመሪያ ተሳቀባቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው! ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና አይነኩም፣ «ወደ ግራሩ ጥላ አምጣው፣ ውሃው ሳልጠርገው ይደርቅብኛል» ይላሉ። አቧራውን መጀመሪያ በደረቁ በጭራ ያራግፋሉ፣ የራያ አቧራ በውሃ ከታሸ መስታወት ይፍቃል። ከዚያ የሎሚ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ የዝናብ ውሃ፣ ከዚያ መቶ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ነጠላ፣ መጨረሻ የተጨማደደ ጋዜጣ። ውጩን ከላይ ወደ ታች፣ ውስጡን ከግራ ወደ ቀኝ። ለምን ሲባሉ «መስመር ከቀረ በየት በኩል እንደቀረ በአቅጣጫው አውቀዋለሁ» ይላሉ። ጎበዝ አይደሉም? ከዚያ በርከክ ብለው በጎን ያዩታል፣ «ሃህ» ብለው ይተነፍሱበታል። የተደበቀ መስመር ትንፋሽ ሲነካው ይወጣል።

«እቴ ብርሌ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሾፌሩ ካሊድ ነው። አንድ ቀን ጫቱን ቅሞ ቅሞ መስኮቱ የተከፈተ መስሎት እንትፍ አለ። ሁሉም ተመልሶ ፊቱ ላይ!

«እቴ! መስታወቴን የት አደረስሽው?»

«እዚያው ነው፣ አሁን አገኘኸው አይደል? በል ውረድ፣ እንደገና ልጥረገው።»

ከዚያ በኋላ ከወልድያ እስከ አላማጣ የሚሄድ ሾፌር ቆቦ ላይ እቴ ብርሌ ጋ ሳይቆም አያልፍም ነበር። መኪና ባለፈባቸው ዓመታት ሁሉ አጠቡ። መኪና በጠፋባቸው ክፉ ወራት እንኳ ባዶው መናኸሪያ ወጥተው የቆሙትን ጠረጉ። ማንም ሾፌር በእጃቸው ያልጠራ መስታወት ይዞ ወደ ፀሐይ አልነዳም። አንድ ሾፌር ብቻ ሲቀር፤ እሱ በትኬት መስኮቱ ውስጥ ተቀምጦ ያያቸው ነበር። የአባባን መነጽርም በየጠዋቱ የሚወለውሉላቸው እማማ ናቸው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ባልዲ እንዳያነሱ ከለከላቸው። በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ሊጠይቋቸው መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና «እፀገነት፣ ይሄኛው ፋሲካ ነው» አሏቸው። ቀን ነበር፣ ልጆችም የልጅ ልጆችም ሁላችንም ነበርን። እማማ አባባን ጠሩና ሁሉንም ነገሯቸው፤ ቅቤውን፣ ሳሙናውን፣ ሻሻቸውን። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ይሄን ሃያ ሰባት ዓመት በከንቱ አስደረግሽኝ?»

«አዎ።»

«ከደሴ እኮ ነው ያመጣሁት!»

«አውቃለሁ።»

«ግመል ያልታየው ሲሉኝ ትሰሚ ነበር።»

አባባ ተነስተው ወጡ። ሦስት ቀን አላናገሯቸውም። ሦስት ቀን! እማማ ምግብ አልበላም አሉ፣ መድኃኒቱንም እንቢ አሉ። «አርባ ዓመት የኖርኩት ሰው ሳያናግረኝ ልሞት ነው» ብለው አለቀሱ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባባ ለተመስገን «የሚኒባስህን ቁልፍ አምጣ» አሉት። ተመስገን የመንጃ ፈቃዱን ነገር ሊያነሳ ሲል በዓይናቸው ብቻ ዝም አሰኙት። (ትራፊኮች ካላችሁ ይቅር በሉን፣ በኋላ አሳድሰውታል! ዓይናቸውም ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል፣ ለሰባ ዓመት ሰው እንዲያውም ግሩም።) ከዚያ ባልዲውን አንስተው የፊት መስታወቱን ራሳቸው ይጠርጉ ጀመር። እማማ በር ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል።

«ወደ ታች! ውጩ ወደ ታች ነው!»

«ቆይ እንጂ፣ አትጩሂብኝ።»

«ጋዜጣውን አጨማደው! እንደ ደብዳቤ ነው እንዴ የምታጥፈው!»

ያናገሯቸው በዚህ ነው። ሲጨርሱ ግራ ጥጉ ላይ ትልቅ መስመር ቀርቶ ነበር፤ ሁላችንም አየነው፣ እማማም አይተውታል። እንደገና ጥረገው ሳይሉ ጋቢና ገቡ። አባባ ሞተሩን አስነሱና ወደ ዋጃ ነዷቸው፤ የተወለዱበትን ሱቅ ቦታ አሳይተዋቸው ተመለሱ። ከኋላ የተቀመጥነው በሙሉ ወንበሩን ጨብጠን ነበር፣ አባባ ግን ክንዳቸው መስኮቱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ክፍት በሆነበት ቀን ሁሉ፣ እስከ መስከረም ድረስ፣ አንድ ቀን ጎብዬ፣ አንድ ቀን ዋጃ፣ እንዲሁ ሲነዷቸው ከረሙ። እማማ ለወይዘሮ ኡሙሰልማ «በሙሽርነቴ እንኳ እንዲህ አልተንሸራሸርኩም» ብለዋቸዋል።

በጥቅምት ሕመሙ ጸናባቸው። ወልድያ ሐኪም ቤት ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ሌላ መኪና ቀርቦ ነበር፤ አባባ ግን «እኔ ነኝ የማመጣት» ብለው ከወልድያ ቆቦ ድረስ ራሳቸው ነድተው አመጧቸው።

እማማ እፀገነት ባለቤታቸውን አቶ እንዳለው ረዳን፣ ልጆቻቸውን ተመስገንንና ሳባን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እህት የሆኑላቸውን ወይዘሮ ኡሙሰልማን፣ ከወልድያ እስከ አላማጣ ያሉ ሾፌሮችን ሁሉ ትተዋል። ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው ለእኔ ለልጅ ልጃቸው ለሄርሞን «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው፣ ትልልቆቹ ጥፋቴን ያለሰልሱታል። ቆቦ በሙሉ በተሰበሰበበት ይነበብ» ብለው አደራ ሰጥተዋል።

ስለዚህ፣ የቆቦ ሰው፣ ስሙ። ጥር 19 ቀን 1989 ዓ.ም. የአቶ እንዳለው ረዳ ዓይን ደህና ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግመል ያልታየው የሚላቸው ሰው ከእቴ ብርሌ አደራ ጋር ይጣላል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቅር ይበልልን፣ ብርሃኑ ከማይጋረድበት ቦታ ያሳርፍልን፣ ለአባባም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።