ስልኩን ማን ዘጋው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1973

ብርድ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ የጨርቅ ሱቃችንን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ዋለ። ገዥ ብዙም የለ። አንዲት ሴት ለልጇ አበባ ያለበት ፖፕሊን አስለካች፣ አስቆረጠች፣ ሄደች። በቃ።

ስልካችን ግን ከሰው በላይ ይከበራል! ባሌ ኑሩ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለዋል። የተሰቀለው ሱቁንና ጓዳውን በሚለየው ሳንቃ ላይ ነው፣ ከበሩ አጠገብ። ድሮ ለመደወል ስልክ ቤት ድረስ መሄድ ነበር። አብሮ አደጌ ጌጤ ቁጥሩን ትቀበልና ገመዱን ትሰካ ነበር፤ በከተማው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንዳወራ ጌጤ ታውቅ ነበር። አሁን አውቶማቲክ ገባ። ጣትን ከትቶ ቁጥሩን ማዞር ብቻ። ባልሽ ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚያውቅ የለም...

ይሄን ለምን ጻፍኩት? እንጃ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ከጓዳ ወደ ሱቅ ስወጣ ኑሩ በስልክ እያወራ ነበር። በሩ እንደ ልማዱ ተጣብቋል፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ዞር ብሎ አየኝ። «ሃሎ... ሃሎ...» አለና ሰቀለው።

«ምነው?»

«ተቆረጠ።»

«ማን ነበር?»

«ደንበኛ ነው።»

ድምፁ ግን የደንበኛ አልነበረም። ለደንበኛ እንዲያ አለስልሶ አያወራም። ለእኔም እንዲያ ካወራ ቆየ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም። በሩን ስገፋ... «ተቆረጠ።»

እኔ ስገባ ብቻ የሚቆረጥ ስልክ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዳቦ ይዞ መጣ። ከሰዒድ ዳቦ ቤት። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ሳምንቱን ሙሉ። እኔ የምጋግረው ድፎ ምን ሆነ? «ትኩስ ነበር፣ አማረኝ» ይላል። ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ከእኔ እጅ ሌላ አምሮት አያውቅም።

እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳልነግራት አወቀችብኝ። «ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች። ከዚያ ሆዴን አየችው። ሁሌም ታየዋለች። ሼሁ ዘንድ፣ ሐኪሙ ዘንድ፣ ያልሄድኩበት የለም። አላህ ሲፈቅድ ይላሉ ሁሉም። ኑሩ በላዬ ሌላ ቢያገባ ማን ይከለክለዋል? ሸሪዓውም ይፈቅድለታል። እኔ ግን...

ያቺ የአንበሳሜዋ ትሆን? እኔን ሳያገኝ በፊት አግብቶ የፈታት። አንድ ዓመት እንኳ አብረን አልኖርንም ብሎኛል። መልኳን አላውቅም። መልኳን ስለማላውቅ ቆንጆ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጫማዬን አውልቄ እስከ በሩ ሄድኩ። ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍኩ። ምን ሆኛለሁ? በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ።

«በልተሻል?» ሲል ሰማሁ።

በልተሻል! ሴት ናት። በሩን በርግጄ ገባሁ። ተቆረጠ።

«ማን ናት?»

«የምን ማን ናት?»

«በልተሻል ወይ ያልካት!»

«በልተሃል ነው ያልኩት። ጆሮሽ ነው።»

«ወላሂ በል።»

ወላሂ አላለም። ጨርቅ አነሳና ስልኩን መወልወል ጀመረ። ኑሩ በሐሰት አይምልም... ይሄ ነው የገደለኝ።

ራት አላቀረብኩም። እሱም አልጠየቀም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ገበያው ደመቅ ብሎ ዋለ። ጌጤ ክር ልትገዛ ገባች። አላስቻለኝም፤ ወደ ጓዳ ይዣት ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሳቀች!

«አንቺን ብቻ መስሎሽ? ከተማው በሙሉ እየጮኸብን ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጋር ሲያወራ ተቆርጦበት፣ ‹ይሄ አሻጥር ነው!› እያለ ስልክ ቤት ድረስ መጣ። አሻጥረኛ ተብዬ ልታሰር ነበር፣ ሰዓዳ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ሳገናኝ ሰዎቹ ‹ጨርሰናል› ካላሉኝ ገመድ አልነቅልም። ማሽኑ ግን አይጠይቅም። ነፋስ ሽቦውን ካወዛወዘው፣ በር ተማትቶ ስልኩ ከተነቀነቀ፣ ዘጉት ብሎ ይቆርጣል።»

«በር?»

«በር።»

እሷ ከሄደች በኋላ ቆሜ በሩን አየሁት። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር? ለካ የምቆርጠው እኔው ነኝ... ግን «በልተሻል» የሚለውንስ? እሱን በር አላለውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ተደወለ። እኔ አነሳሁ። ሃሎ ስል ተዘጋ። በር አልነካሁም። ነፋስ ይሆን? ነፋስ ነበር... ትንሽ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ከባሕር ዳር የመጡ የስልክ ቴክኒሻን ቤታችን ገቡ። አቶ በላይነህ ይባላሉ፤ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ስልክ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞሩ ይሞክራሉ። የኛን ከፈቱ፣ እጀታው የሚሰቀልበትን መንጠቆ አጠበቁ።

«ይቺም ላልታ ነበር። ዋናው ጥፋት ግን ማሽኑ ዘንድ ነው» አሉ።

«ማሽኑ ሰው መዝጋቱን በምን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ኑሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«እጀታው ሲነሳ ኤሌክትሪክ በሽቦው ይዞራል፤ ሲሰቀል ይቋረጣል። ማሽኑ የሚያውቀው ይችኑ ነው። መስመሩን ይዛ የምትቆይ ሪሌ የምንላት ዕቃ አለች። ለቅጽበት ሲቋረጥባት ቶሎ ትለቅ ነበር። አሁን ወገቧ ላይ የመዳብ ቀለበት ያላትን አስገባንበት። ቀለበቱ ያዘገያታል። ነፋስ ቢነፍስ፣ በር ቢማታ፣ መስመሩ መልሶ እስኪገጥም ይዛ ትጠብቃለች።»

«ካልገጠመስ?»

«ካልገጠመማ ሰው ዘግቷል። የሰው እጅ ነው።»

ሞከርነው። ጌጤ ከስልክ ቤት ደወለች፤ ኑሩ አነሳ። አቶ በላይነህ «በይ በሩን ምቺው» አሉኝ። መታሁት። የወሩን ቅናት ሁሉ ሰብስቤ መታሁት! ሳንቃው ተንቀጠቀጠ፤ ከመደርደሪያው አንድ ጥቅልል ጨርቅ ወደቀ። ኑሩ «ሃሎ? አለሽ?» አለ። የጌጤ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፦ «አለሁ! አለሁ!»

ሁላችንም ሳቅን። ኑሩ ግን ሳቁን ቶሎ አቁሞ የወደቀውን ጥቅልል ማንሳት ጀመረ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

በድዬዋለሁ። በማሽን ጥፋት ሰውዬውን አንድ ወር ሙሉ አቃጠልኩት። ዶሮ ሠራሁለት። በላ፣ አመሰገነ... ዓይኔን ግን አላየኝም። ተቀይሞኝ ነው። ይቀየመኝ፣ መብቱ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የዛሬውን ልጻፈው።

ነፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። በሩ ክፍት ነበር፤ አልመታሁም፣ አልገፋሁም። ዝም ብዬ ገባሁ። ኑሩ ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል። ኮቴዬን ሰማ መሰለኝ... መንጠቆውን በጣቱ ጫን አደረገው። አየሁት። በዓይኔ አየሁት።

«ተቆረጠ» አለ።

«ማሽኑ ተሠርቷል፣ ኑሩ።» ጣቱን ከመንጠቆው አላነሳም።

«ማን ዘጋው?»

እጀታውን በቀስታ ሰቀለ። ጥቅልል ጨርቅ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ፣ «ልጄ ናት።»

የምን ልጅ?

«ከአንበሳሜዋ የወለድኳት ናት። ዘምዘም ትባላለች። እዚያ ትምህርቱ እስከ ስድስተኛ ነው፤ ዘንድሮ ሰባተኛ ልትማር መጣች። አጎቷ ዘንድ ናት፣ ሰዒድ ዳቦ ቤት፤ በዳቦ ቤቱ ስልክ ነው የምትደውለው።»

«ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር!»

«አባትሽ ሲጠይቁኝ ልጅ የለኝም አልኩ። ይከለክሉኛል ብዬ። ከዚያ በኋላ አንቺ ልጅ ስጠኝ እያልሽ ዱዓ ስታደርጊ... በየትኛው አፌ ልንገርሽ?»

«ያ ሁሉ መቆረጥስ?»

«አንዳንዱን ማሽኑ። አንዳንዱን እኔ።»

ይሄን የምጽፈው እናቴ ቤት ሆኜ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ውሽማ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ከውሽማ ጋር እጣላለሁ። ከልጅ ጋር ምን ይደረጋል?

ያቺ ሴት ዓመት ሳይሞላት ያገኘችውን እኔ ስምንት ዓመት ለምኜ አጣሁት። የሷን ልጅ «በልተሻል?» ይላታል። እኔ ሳልበላ ሳድር አልጠየቀኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ለምን? ላያት። ሌላ ምን ምክንያት አለኝ?

ከትምህርት ቤት መጥታ ነው መሰል፣ ደብተሯን ከጎኗ አድርጋ ትሸጣለች። ቀጭን ናት። ቅንድቧ የኑሩ፣ ቁርጥ የኑሩ። አፏ ግን የሱ አይደለም... የሷ ነው፣ የእናቷ። አፏን አየሁ፣ አየሁ። ጥሩ አፍ ነው፣ ምን አባቴ ላድርግ።

«ሁለት ይበቃዎታል?» አለችኝ። በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና ፈገግ አለችልኝ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ልጠላት ነበር የሄድኩት፤ ሳልጠላት ዳቦዬን ይዤ ተመለስኩ።

ዳቦውን እናቴ ቀመሰችው። «ጥሩ ነው» አለች። ተናደድኩባት።

አርብ፣ ኅዳር 26

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቤቴ ነው፣ ለማን ልተወው? ከኑሩ ጋር ከ«ራት ቀርቧል» በቀር ቃል የለንም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ኑሩ ለጨርቅ ኮታ ጎንደር ሄዷል። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ» አልኩ። ትንፋሽ ብቻ። አወቅኋት።

«ዘምዘም ነሽ? አባትሽ የለም፣ ጎንደር ነው።»

«እንግዲያው ልዝጋው...»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«እርስዎ ካነሱት ዝጊው ብሎኛል። ይቆጣሉ ብሎ።»

ይቆጣሉ! ያን እሑድ ሃሎ ስል የዘጋችውም እሷ ኖራለች። ልጅቱን እኔን መፍራት አስተምሯታል። ቁጣው አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ማልቀሷን ሰማሁ። አፏን ይዛ ነው የምታለቅስ።

«አትዝጊው። ምን ሆነሻል?»

«ምንም...»

«ንገሪኝ። አልቆጣም።»

«ሆዴን ያመኛል። ደምም... ለአባቴ ልነግረው ደወልኩ፤ አሁን ሳስበው ግን ያሳፍራል። የአጎቴ ሚስት ለቅሶ ሄዳለች። ቤት ውስጥ ሴት የለም፣ እቴ። ታምሜ ይሆን?»

እቴ አለችኝ። ደሙ ምን እንደሆነ ገባኝ።

«አልታመምሽም። የሴት ወግ ነው፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን። በሩን ዝጊና ጠብቂኝ፣ መጣሁ።»

ሱቁን ቆለፍኩ። ነጭ ለስላሳ አቡጀዲ ቀድጄ በነጠላዬ ሥር ይዤ ሄድኩ። በጓሮ ገባሁ። ውኃ አሞቅሁላት። እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የት እንደሚሰጣ... እናቴ ለእኔ እንዳሳየችኝ አሳየኋት። ስትረጋጋ እጄን ያዘችው። እጇ ዱቄት ዱቄት ይሸታል።

ይሄ የእናቷ ድርሻ ነበር። እናቷ ግን፣ ዘምዘም እንደነገረችኝ፣ ገበያ ላይ ጨው እየሸጠች ነው፣ አንበሳሜ። እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ይሄንን አሰብኩና ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ? እንጃ...

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ኑሩ መሄዴን ሰምቷል፣ ለምን እንደሄድኩ ግን አያውቅም። «ሄደሽ ነበር አሉ። ምን ሆና ነው?»

«የሴቶች ጉዳይ ነው።»

«አባቷ እኮ ነኝ።»

«እሱን ለእኔ ለመንገር ስምንት ዓመት ፈጀብህ። ትንሽ አንተም ጠብቅ።»

አቀረቀረ። ከዚያ «አፉ በይኝ፣ ሰዓዳ» አለ። አላልኩም። ሻይ ግን ቀዳሁለት።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ስልኩ ሲጮህ ኑሩ ሮጦ አነሳ። «እንዴት ነሽ ልጄ! ትምህርትስ?...» ትንሽ አዳመጠ። ፊቱ ቀዘቀዘ። እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አንቺን ነው የምትለው።»

ተቀበልኩት። እሱ ግን አልሄደም፤ መቀስ የሚፈልግ መስሎ ጆሮውን ቀስሮ ቆመ። ጀርባዬን ሰጠሁት። በሹክሹክታ አወራን፣ ሳቅን። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ... ቀንቷል! ኑሩ ቀንቷል። አላህ ይማረኝ፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ዘምዘም «እናቴ ለመውሊድ ትመጣለች» አለችኝ።

«የት ታርፋለች?»

«አጎቴ ቤት። ጠባብ ነው እንጂ።»

«እኛ ቤት ትረፍ።»

ከአፌ ወጣ! ማን አስወጣው? ልጅቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ እንዴት ልመልሰው?

ቆንጆ ናት ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ተውኩት። ከላይኛው መደርደሪያ አረንጓዴውን ሐር አወረድኩና ለራሴ ቀሚስ ለካሁ።

ኑሩ አየኝ። «ምን ተገኘ?» አለ።

«መውሊድ ነው» አልኩት።

እንግዳችን ማን እንደሆነች ገና አልነገርኩትም።