የአንቺ ሰዓት በወንጪ

ውድ እህቴ ጂቱ፣

የወንጪው ጉዞ ተደረገ! ይህን ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ታኅሣሥ ላይ በሦስት ቀን ሕመም ካለፍሽ ወዲህ ብዙ ጊዜ ልጽፍልሽ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን የምነግርሽ አገኘሁ።

ከፋሲካ በፊት የኮሌጅ ጓደኛሽ ናኦሚ የተጓዦች ክበባችሁን ወረቀት ይዛ ቤት መጣች። የኮሌጁ ተማሪዎች በጉዞው ላይ አንድ አንድ ሰዓት እየተቀባበሉ እንዲመሩ በእጅሽ የጻፍሽው ተራ ነው። «መምራት በንግግር አይለመድም» ትይ የለ! ሕጉንም ከላይ አስፍረሻል፦ ባለተራው ቢሳሳት እንኳ ሰዓቱ እስኪያልቅ የክበቡ አባል አያርመውም። ከስምንት እስከ ዘጠኝ በሚለው ላይ ያንቺ ስም አለ።

«ስሟን የሚሰርዝ ጠፋ» አለችኝ ናኦሚ። «ሰዓቷን የሚወስድም ጠፋ። ጉዞው ይቅር እያሉ ነው።»

ሁለት ዓመት የለፋሽበት ነገር በአንድ መስመር ሊቀር! «እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ።

«አንተ እኮ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነህ።»

«እሷ ስታዘኝ ነው ያደግኩት። ትእዛዝ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ከሄድሽ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳቅ የተሰማው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሦስት ሆነን በመኪና ከአምቦ ተነሳን። የመጀመሪያው ባለተራ ቶሌራ ነበር፤ ያ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ያፍራል ያልሽኝ ልጅ። በእግር ወደ ወንጪ ሐይቅ ሲያወርደን መንገድ ሳተ። ሁሉም አውቋል፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ጸጥ ብለን ስንከተለው ድንች ማሳ መሀል ገባን። የማሳው ባለቤት ኦቦ ገለታ ፈረሶቻቸውን እየነዱ መጡ።

«አካም ጂርቱ ልጆች!» ብለው ሰላምታ ሰጡን። «ልትኮተኩቱልኝ ነው?»

ቶሌራ ላቡን ጠረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው ኦቦ፣ ይቅርታ። ሁላችሁም በመጣችሁበት ተመለሱ! ድንቹን እንዳትረግጡ!» አለ፣ ጮክ ብሎ። ድምፁ እንዲያ ወፍራም መሆኑን ታውቂ ነበር? አጨበጨብንለት። ኦቦ ገለታም ስቀው፣ ስንመለስ ዕቃችንን በፈረስ ሊያወጡልን ተስማሙ።

ከዚያ ያንቺ ሰዓት ደረሰ፤ ከሐይቁ ዳገቱን መውጣት። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ወረቀትሽን እንደያዝኩ ፊት ፊት ገሰገስኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ! ሌሎቹ ዳገቱ ላይ ተበታትነዋል፤ ሕጉ ይዟቸው ቀስ በል የሚለኝ የለም። የተጣሩት ኦቦ ገለታ ናቸው፤ እሳቸው አባል አይደሉማ።

«ሱታ! ቀስ በል እንጂ! ዳገቱ አይሸሽህም!»

ወደ እሳቸው ወረድኩ። «መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ፣ ለምን ከኋላ ይሄዳሉ?»

«መንገዱን ፈረሶቹም ያውቁታል። ማን እንደደከመ የሚታየው ግን ከኋላ ነው።»

እዚያው ቆምኩ። ትንሽ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስታደርሺኝ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበርሽ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ «ቀደምኩሽ!» እያልኩ እፎክር ነበር። ለምን ከኋላ እንደምትሄጂ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።

ቶሌራን ከፊት አድርጌ መጨረሻ ቀረሁ። ናኦሚ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሰዓቱ የኔ ነው፤ ተነሺ ብዬ አዝዣለሁ» አልኳት።

«ቁርጥ እሷን!» ብላ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ተነሳችም።

ላይ ስንደርስ ቆጠርኩ፦ ሃያ ሦስት። ሰዓትሽን በሃያ ደቂቃ አሳልፌያለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስምሽን ማንም አልሰረዘም፤ ናኦሚ ከጎኑ የኔን ጻፈችበት። ክበቡም ወስኗል፦ ከእንግዲህ በየዓመቱ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ያንቺ ሰዓት ተብሎ ይቀመጣል፤ የሚመራውም ከሁሉ ዓይን አፋር የሆነው ተማሪ ይሆናል።

ኮሌጅ ስገባ ተራዬን እጠብቃለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የፎከርኩትን ሁሉ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ።

ከመጨረሻ የሚሄደው ወንድምሽ፣
ሞቲ