ፎቶህን አውርጄ ወጣሁ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አላስቀምጥ ብሎኝ አይደለም። ተናድጃለሁ፣ አባዬ። እንዴት እንደተናደድኩ!

እማዬ ደህና ናት። መኪናህ ከጋራዡ ንቅንቅ አይልም ብላ፣ ስንት ጊዜ ብንለምናት አሻፈረኝ እንዳለች ነበር።

ሳን ሆዜ ኮሌጅ ውስጥ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ታስጠናበት የነበረውን ክፍል ዘጉት። የጥቁሩን፣ የሜክሲኮውን፣ የኛን ልጅ፣ ክላስ ውስጥ እሱን የሚመስል አጥቶ ብቻውን የሚቀመጠውን ሁሉ የምትሰበስብበትን ክፍል። የኮሌጁ ዲን በሌላ ድጋፍ ተክተነዋል አለኝ። ድጋፉ ምን መሰለህ? ዌብሳይት!

ያ ግድግዳህስ? አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ የወደቀበትን ፈተና ይለጥፍበት ነበር። ከላይ ያንተው የፊዚክስ ፈተና፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ። እኔ ካልኩለስ ወድቄ እያለቀስኩ ስመጣ የምለጥፍበት ፕላስተር ሰጠኸኝ። ፈተናዬን ለጥፌ ቀና ስል ወድቀው በኋላ የተመረቁትን ሁሉ ወረቀት አየሁ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም! ዛሬ ፍሪሞንት ኢንጂነር ተብዬ የምሠራው ያን ቀን ስላልተውኩት ነው።

ሁሉንም ቀደው ጣሉት። በቦታው ያንተን ትልቅ ፎቶ ሰቅለው ለፎቶው ምረቃ ሪባን ቁረጪልን ብለው ጠሩኝ። አያፍሩም እኮ! ኬክ እየበሉ ስለ ደግነትህ ያወራሉ። መጨረሻ ላይ ያስጠናሃት ሩት በሩ ጋ ቆማለች። ፊዚክስ ወድቃ፣ ኢንጂነሪንጉን ልትተወው ነው። የፈተና ወረቀቷን አጣጥፋ እንደያዘች ግድግዳውን ታያለች። ደሜ ፈላ።

መቀሱን አስቀመጥኩና ፎቶህን አውርጄ፣ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ዲኑ የኮሌጁ ንብረት ነው እያለ ተከተለኝ። አባቴ ነው አልኩት።

ኦክላንድ ቤት ገብቼ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ተነስታ የመኪናህን ቁልፍ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። መኪናህ አሁን ውጭ ነው የሚያድረው፣ እንዳትቆጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ጋራዡን ሞሉት። ሩት ፈተናዋን ከሁሉ ቀድማ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ትቀጥል አትቀጥል ገና አልወሰነችም፤ ግን በሚቀጥለውም ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች።

ሻማ ለማብራቱ እማዬ አለችልህ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕላስተር ይዤ በሩ ላይ እቆምልሃለሁ። የጋራዡን ግድግዳ የላይኛውን ቦታ፣ ያንተ ፈተና ሊሆንበት የሚገባውን፣ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ማንም አይለጥፍበትም።

ልጅህ