ለሰሊጥ ብዬ ያወለቅሁት ጫማ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የልጄ የብርቄ የግራ ሸበጥ በውጭ በኩል ብቻ ተበልቷል። ከሰሊጥ እርሻው ወደዚህ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ዛሬ ነው ያየሁት። አይ፣ ውሸቴን ነው። እዚያው እርሻ ላይ ሳለን አይቻለሁ። ተረከዟ መሬት አይነካም፣ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ዞረዋል። እግሯ ስትወለድ እንደነበረው ቆልማማ ሊሆን ነው መሰለኝ። ያኔ በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረላት ነበር የተቃናው። ከዚያ ሁለት እግሯን በብረት የሚያያይዝ ጫማ ሰጡን፤ አራት ዓመት እስኪሞላት ሌሊት ሌሊት ታድርግ ተባልኩ። አሁን ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው።

ጫማውን ከሻንጣው ሥር አወጣሁት። አልገባት አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ክሊኒክ ሄድን። ከካርቱም የተፈናቀለው ሁሉ እዚያ ነው፤ ወረፋው አያልቅም። ነርሷ "በየሌሊቱ ታደርጋለች?" አለችኝ።

"አዎ፣ በየሌሊቱ።" አፌ እንዴት እንደፈጠነ! ካርዱ ላይ ጻፈችው።

"ጫማውን እያደረገች እግሯ ተመልሶ ከተጣመመ አመሊያ ሳያስፈልጋት አይቀርም። ሐሙስ ዶክተሩ ይወስናል።"

አመሊያ ማለት ቀዶ ጥገና ነው። እኔ በዋሸሁ ልጄ ልትቀደድ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ለባሌ ለደሴ ደውዬ ነርሷ ያለችኝን ነገርኩት፤ እሱ እስካሁን እርሻው ላይ ሰሊጥ ያራግፋል። "ድሮም የእነሱ ጫማ ውሸት ነው፤ አንቺ ምን ያላደረግሽው አለ" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ደግሞ መተማ የሚያውቁት ወጌሻ አላቸው። "ሁለት ቀን አሽቶ ያቃናታል፣ የምን ቢላ ነው?" አሉኝ። ልቤ ወደዚያ ሄደ። ለምን እንደሄደም አውቃለሁ፤ ወጌሻው ጫማ ታደርግ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቀኝም።

እንግዲህ ልጻፈው። ሐምሌ ላይ ለአረም ስንወርድ የአርባ ሠራተኛ ወጥ ሠሪ ሆንኩ። ሌሊት ሌሊት እርሻውን የሚጠብቀው ደሴ ሲቀር፣ የምናድረው ሁላችንም አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ብርቄ በተገላበጠች ቁጥር ብረቱ ቆርቆሮውን ይመታል፣ እሷም ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሠራተኛ "እህቴ፣ እኛ እኮ ነገ ሥራ አለብን" አለኝ፤ በክፋት አይደለም። ለዛሬ ብቻ ብዬ አወለቅሁላት። "እንዳታለቅሺ፣ አጎቶች ይቆጣሉ" አልኳት። በማግስቱም ለዛሬ ብቻ አልኩ። አረሙ ሲያልቅ አጨዳው መጣ፤ ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፣ ከዘገዩበት ይረግፋል። ጫማው እንደወለቀ ቀረ። የሰው እንቅልፍ አሳዘነኝ፤ የልጄ እግር አላሳዘነኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዶክተሩ እግሯን አገላብጦ አየ፣ ካርዱን አነበበ። "ኩሉ ለይል?" አለኝ፤ በየሌሊቱ?

"ላ" አልኩ። "አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ አላደረገችም።"

የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ብዕሩን አነሳና የነርሷን ጽሑፍ ሰረዘው። "እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ጀሶ እንሞክር፤ እግሯ ገና እሺ ይላል። ከዚያ ሰፋ ያለ ጫማ። እምቢ ካለ ያኔ ስለ አመሊያ እናወራለን።" ወጌሻ እንዳያሻትም አስጠነቀቀኝ፤ እንዴት እንዳወቀብኝ እንጃ። ከጣቷ እስከ ጭኗ ጀሶ ተደረገላት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ለደሴ እውነቱን ነገርኩት። "ጀሶው መቼ ነው የሚቀየረው?" አለኝ። ሐሙስ አልኩት። "እመጣለሁ" ብሎ ዘጋው። ይቅር ብሎኝ ይሁን ተናዶ አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ጀሶው ብርቄን አሳከካት። ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። "ምነው?" ብላት፣

"እማ፣ ባለቅስ አጎቶች ይቆጣሉ?"

አራት ወር ሙሉ ይዛው ኖራለች።

"አልቅሺ እናቴ፣ ማንም አይቆጣሽም" አልኳት። ግቢው ሁሉ እስኪሰማ አለቀሰች። ዝም በይ አላልኳትም።