ውሃ ይዘው ስለተቀመጡት አሥራ አንድ ሰዎች

ለተከበሩ ከንቲባችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ጎርነን ቢልብኝ ሰግቼ ነበር፤ «ከሁለቱም ወገን ትዕግሥት ይጠበቃል» የሚለውን አንዴም ሳይስሉ ስለጨረሱት ግን ተጽናናሁ።

እኔ ከወንዙ ማዶ የሰው ልብስ አጥቤ የማድር ሴት ነኝ። የማቅለሚያ ፋብሪካው ዝቃጩን ወንዙ ውስጥ መልቀቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ነጭ አንሶላ የሰጠኝ ሁሉ ሰማያዊ ይረከባል፤ የሰፈሩ ሕፃናትም ቆዳቸው ይላላጣል። ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሆነን፣ የወንዙን ውሃ በጠርሙስ ይዘን፣ የጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። አልጮኽንም፤ ባለጉዳይ ሲመጣም ጠጋ ጠጋ እያልን አሳለፍን። አራት ሰዓት ላይ ዱላ የያዙ ሰዎች ከፒክአፕ ወርደው ደበደቡን። ፖሊሶችዎ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. «ሁለቱም ወገን» ስላሉን። አንዱ ወገን የያዘው ዱላ ነበር፤ ሌላው ያለው ጀርባ ብቻ። ትዕግሥቱን እንዴት እንደምንካፈለው ቢያብራሩልን።

2ኛ. ጠርሙሶቻችን «አደገኛ ይዘት ያላቸው» ተብለው ስለተወረሱ። እኛ ዓመት ሙሉ ስንለፈልፍ ያልሰማን መሥሪያ ቤት በማኅተም ስላረጋገጠልን፣ ወረቀቱን በፍሬም አድርገን ሰቅለነዋል።

3ኛ. ከአሥራ አንዳችን አንዷ የሆነችውን አዋላጅ እህቴን ሆስፒታል መጥተው ስለጠየቁልን። ከካሜራ ባለሙያው ጋር ገብተው «ለመሆኑ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» አሏት።

«ተቀምጬ ነበር።»

«ተቀምጠሽ ብቻ?»

«ልነሣ ስል እኮ ነው ክንዴን የሰበሩት።»

ካሜራው ወዲያው ጠፋ። የስንቷን እናት ልጅ የተቀበለ እጅ ለሁለት ወር ሕፃን አያነሣም። ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ ነኝ፤ ሲያማት እንዳላይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ይህችኛዋ ምስጋና ለቀልድ አልመች አለችኝ፤ ይቅርታዎን።

4ኛ. «አጥፊዎቹ በጥብቅ እየተፈለጉ ነው» ስላሉ። እንዳይደክሙ ብዬ ነው፦ ፒክአፑ ከፋብሪካው ግቢ፣ ከዋናው በር በስተግራ ቆሟል። ትናንት ሲታጠብ ነበር፤ በንጹሕ ውሃ።

የፊታችን ሰኞ ያው ደረጃ ላይ እንቀመጣለን። እህቴም ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ተይ ብላት እምቢ ብላለች።

ቸርነትዎ እስከ ክንዷ ድረስ የተሰማት አዋላጅ ታናሽ እህት፣ አክባሪዎ፣

አጣቢዋ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ላስገባ ስመጣ ከሠራተኞችዎ አንዱ እስከ መጨረሻው አነበበውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትቀመጡት?» አለኝ። ማን እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ሁሉንም በእኩል ዓይን እንዲያዩ።