የማህሌት ጠብመንጃና የእኔ ፊርማ

ሰኞ

ልጄ ሰብለ ዛሬ ጠብመንጃውን አየችው። ከአሌክሳንድሪያ ሳትደውል መጣች፤ በሩን የከፈትሁላት እኔው ነኝ። ልጇ ማህሌት የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቅ አንጥፋ መሣሪያዋን ትወለውላለች። ሰብለ አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ልጇን፣ ጠረጴዛውን፣ እኔን በየተራ አየችን። ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑን ነገርኋት። ማህሌትን ይዛ ሄደች።

ለራሴ እንኳ በግልጽ ልጻፈው። የልጅ ልጄ ማህሌት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ የምታውቀው በረዶ ላይ በስኪ እንደምትሮጥ ብቻ ነበር። ስፖርቱ ግን ባያትሎን ነው፦ ጠብመንጃ አዝለው በስኪ ይሮጣሉ፤ በየመካከሉ ቆም ብለው ዒላማ ይመታሉ። መሣሪያው የሚቀመጠው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። የክለቡ ፎርም “ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ” ይላል። እኔ ፈረምሁ። አያት አባት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። በዳኝነት ወንበር ላይ በተቀመጥሁበት ዘመን ሁሉ ስንቱን ሰው “ያልሆንኸውን ሆነህ ለምን ፈረምህ?” ብዬ ገሥጫለሁ።

ማክሰኞ

ሰብለ ስልክ አታነሣም።

እሑድ ቨርሞንት ውስጥ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር አለ። ለዚህም አዲስ የፈቃድ ፎርም እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ መግባት አለበት። እኔ አልፈርምም፤ ይህ ተቆርጧል። ሰብለ ካልፈረመች ማህሌት አትወዳደርም።

ውድድሩን ማስ ስታርት ይሉታል። ሠላሳ ልጃገረዶች በአንድ ምልክት አብረው ይነሣሉ። ሁለት ጊዜ በደረት ተኝተው፣ ሁለት ጊዜ ቆመው፣ በየጊዜው አምስት ጥይት ወደ አምስት ዒላማ ይተኩሳሉ። ለእያንዳንዱ ስሕተት አንድ የቅጣት ዙር ይሮጣሉ። የማህሌት ዓመት እንዲህ ነበር፦

በታኅሣሥ ሃያ ስድስተኛ ወጣች። ጣቶቿ ደንዝዘው ቃታው አልሰማ ብሏት ነበር።

በጥር ከጎኗ የምትተኩሰውን ልጅ ዒላማ መታች። አምስቱም ወደቁ፤ ለእሷ ግን አምስት ስሕተት ተቆጠረባት። “አባባ፣ ፐርፌክት ነበር የተኮስኩት፤ የሰው ዒላማ ላይ!” ብላ በስልክ ስትስቅ እኔም ሳልወድ ሣቅሁ።

በየካቲት ዘጠነኛ ወጣች።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የዓለም ሴቶችን ውድድር በቴሌቪዥን አብረን አይተናል። በአራተኛው ተኩስ ላይ ትንፋሼን መያዝ ለምጃለሁ። እናቷ በእነዚያ ሰዓታት ፋርማሲ ሥራ ላይ ነበረች። ደስታችን ሁሉ ከእሷ ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ እያለፍሁ ነው። ሰብለ ስምንት ዓመቷ ሳለ ወታደሮች ሊወስዱኝ መጡ። ምሳ ላይ ነበርን። አንደኛው ጠብመንጃውን ከገበታችን ላይ፣ በሳሕኖቹ መካከል አጋደመው። ከዚያ ወዲህ ሰብለ ቤት የአሻንጉሊት ሽጉጥ እንኳ ገብቶ አያውቅም። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምሁት።

ረቡዕ

ለሰብለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። ስለ ስፖርቱ ደኅንነት፣ ስለ መቆለፊያው፣ ስለ ልጅቷ ተሰጥኦ። በቁጥር የተከፋፈለ፣ የተስተካከለ ጽሑፍ።

ወዳጄ ጌታቸው ከሚኖርበት ከፎልስ ቸርች መጣ። ከእሱ ጋር ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀናል። ደብዳቤውን አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

“ዳኛ፣ ይኼ የመከላከያ መልስ ነው። ማህሌትን ማን ከሰሳት? የተከሰስከው አንተ። አንተም እንደ ልጅቷ የሰው ዒላማ ነው የመታኸው።”

በጥር ወር የሆነውን ለእሱ ያጫወትሁት እኔ ነኝ። ከእናቷ በቀር ያልነገርሁት ሰው የለም።

የበደለ ሽማግሌ ይልካል አለኝ። ሽማግሌው እኔ ስሆንስ ብዬ ስጠይቀው፣ ተራህ ነው አለኝ። ነገ ከባለቤቱ ከወይዘሮ አልማዝ ጋር ይሄዳሉ፤ እኔም ከኋላ እከተላለሁ። “ድንጋይ ተሸክመህ መግባት ነበረብህ፤ ጉልበትህን አይቼ ምሬሃለሁ” ብሎ ሄደ።

ሐሙስ

ሰብለ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ነጭ ጋወኗን አላወለቀችም። ጌታቸውና ወይዘሮ አልማዝ እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምሁ። ማህሌት ወደ ክፍሏ እንድትወጣ ታዘዘች፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ጌታቸው ስለ ይቅርታ የተለመደውን ጀመረ። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግማሹ የእኔ ነው። ሰብለ በትሕትና አቋረጠችው። “ጋሼ ጌታቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ።”

ደብዳቤውን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። የተናገርሁት አጭር ነበር።

“ማህሌት አልዋሸችሽም። ዝም በይ ያልኋት እኔ ነኝ። እንደምትከለክዪ ስለማውቅ ሳልጠይቅሽ በአንቺ ቦታ ፈረምሁ። ለምን እንደምትከለክዪም አውቅ ነበር።”

ሰብለ ጋወኗን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። ከዚያም በዚህ ሁሉ ዓመት ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ።

“አባዬ፣ ያን ቀን ጠብመንጃውን ከገበታው ላይ ማን እንዳነሣው ያውቃሉ? እርስዎን ሁለቱ ይዘው ወጥተዋል። ሦስተኛው ጫማውን እያሰረ ‘አቀብዪኝ’ አለኝ። አንሥቼ ሰጠሁት። ክብደቱ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። ሰኞ ዕለት ልጄ እጅ ላይ አየሁት።”

ይቅርታ አልሁ። ወይዘሮ አልማዝ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

ሰብለ “ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ ይጎዳል” አለችኝ። ስለ ፎርሙ ማንም አላነሣም።

ዓርብ

አምስት ሰዓት ተኩል። እስካሁን ከሰብለ ወሬ የለም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ከማህሌት በስልኬ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎ መጣ፦ “ፈረመች።”

ቀጥሎ ከሰብለ፦ “የምነዳው እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዝግጁ ይሁኑ።”

ለመንገዱ ሦስት ካልሲ፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ ቴርሞስ። ደብዳቤውን ቀደድሁት።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ መንገድ። መሣሪያው ከኋላ በሣጥኑ ውስጥ ነበር። ሰብለ ነዳጅ ልትሞላ በቆመች ቁጥር ተቆልፎ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ማህሌትም ሳትሰለች ቁልፉን ታሳያታለች። ከእኔ ጋር ስለ አየሩ ብቻ አወራን።

እሑድ

ሰብለ ከመኪናው አልወርድም አለች። ብቻዬን አጥሩ ጋ ሄጄ ቆምሁ።

ሠላሳዎቹ አንድ ላይ ተነሡ። ማህሌት መጀመሪያ ተኝታ አምስቱንም መታች። በሁለተኛው አንድ ሳተች። በሦስተኛው፣ ቆማ፣ ሁሉንም። ስድስተኛ ነበረች። በአራተኛው ትንፋሼን ስይዝ ክንዴን የያዘ እጅ ተሰማኝ። ሰብለ ነበረች። መቼ እንደመጣች አላወቅሁም።

“የራሷ ዒላማ ላይ ነው?” ስትል በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ለካ ልጅቷ በጥር ወር የሆነውን ነግራታለች። የራሷ ነው አልኋት።

ሁለት ሳተች። ሁለት የቅጣት ዙር። ዐሥራ አንደኛ ወጣች።

ማህሌት ጠብመንጃዋን እንዳዘለች፣ ቅንድቧ ውርጭ ይዞ መጣች። “ማሚ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሚስ አደረግኩ፣ ሶሪ።” ሰብለ ከኋላዋ ዞራ መዳፏን ከመሣሪያው ሥር አደረገችና በቀስታ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው፤ እንደሚመዘን ነገር።

“ይኼኛው ቀላል ነው” አለች። ከዚያ ልጇን አቀፈቻት።

አሁን የምጽፈው መኪና ውስጥ ነው። ማህሌት ከኋላ ተኝታለች። ቅድም ሰብለ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ “አባዬ፣ የከርሞውን ፎርም እኔ ነኝ የምፈርመው” አለችኝ። ወቀሳ ይሁን ፈቃድ አልጠየቅሁም። እሺ አልሁ።