እትዬ አዛለች የተቆጡበት ሰፈር

ውድ አባቴ፣

እናንተ ጋ፣ ቀየት ላይ፣ ውርጩ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ ደህና ነን። አንድ ነገር ግን ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ተቻኩያለሁ። የቄስ መርስዔ ኃዘንን ቤት አልተከራየሁም።

ሥራዬ ወደ መሐል ሜዳ መዛወሩን ስነግርዎ፣ ወዲያው ለእሳቸው ቃል እንደሰጡልኝ አውቃለሁ። አብረው ቅኔ የተማሩ ወዳጅዎ ናቸው፤ ቤታቸውም ለትምህርት ቤት ቅርብ ነው። «ቅዳሴው አልጋሽ ድረስ ይሰማሻል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ሰፈር ትፈልጊያለሽ?» ነበር ያሉኝ። ቃልዎን ማሳጠፍ ከብዶኛል። ነገር ግን ሰፈር የምመርጠው ለራሴ ሳይሆን ለልጄ ነው። ሳሌም በግራ ጆሮዋ አትሰማም፤ በቀኙም የምትሰማው ቀርበው ሲያናግሯት ብቻ ነው። እርስዎ «ሐሳቧ ሌላ ጋ ሆኖ ነው እንጂ ትሰማለች» ይላሉ። ጠበሉንም አስጠምቀናታል፣ ሐኪሙም ያለውን ብሏል። አንደኛ ክፍል ልትገባ ስለነበር፣ የቀረኝ ከነጆሮዋ የሚያኖራት ሰፈር መፈለግ ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ እርስዎ በመረጡት ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ከታችኛው ሰፈር ትምህርት ቤት ይበልጣል። ክፍሎቹ አዲስ ናቸው፣ ልጆቹም ወንበር ላይ አይጨናነቁም። ባለቤቴ ታዲዮስ እንኳ ከሚሠራበት ከደብረ ብርሃን ሲደውል ይህን ብነግረው «ታዲያ ምን ታመነቻለሽ?» አለኝ። ግን በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ሳይዳብስ አይከፍልም፤ ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ሰፈሮቹን ልዳብሳቸው ብዬ፣ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ሳሌምን ከፊት እያስቀደምኩ ከኋላዋ ተከተልኩ።

በመጀመሪያው ቀን እርስዎ በመረጡት ሰፈር ሄድን። አጥሩ ረጅም ነው፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። አንድ ሞተረኛ ከኋላዋ ጥሩንባ ቢነፋ አልሰማችውም፤ እሱም ጠምዝዞ አለፋት። በር ላይ የቆመ ሰው አየና ወደ ግቢው ገባ። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም፤ የማን ልጅ እንደሆነች ስለማያውቅ ነው።

በማግሥቱ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረድን። ትምህርት ቤቱ ያረጀ ነው፣ ቆርቆሮውም ዝጓል። ሴቶቹ ግን ፀሐይ ፍለጋ ደጅ ወጥተው፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ከሳሌም ኋላ አንድ ባጃጅ እየጮኸ መጣ። ሮጥኩ። እኔ ሳልደርስ አንዲት ትልቅ ሴት እንዝርታቸውን ጥለው ተነሡና ክንዷን ይዘው ወደ ዳር ሳቧት። እንዝርቱ ተንከባሎ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«የማን ናት ይቺ ልጅ? እናት የላትም?» አሉ።

«እናቷ እኔ ነኝ» አልኩ እያለከለክሁ።

«አንቺ ነሽ? ጆሮዋ የደከመ ልጅ ፊት አስቀድመሽ፣ አንቺ ከኋላ ትንቀራፈፊያለሽ? አላፈርሽም?»

በምን አወቁ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ባጃጁ ሲጮኽ ዞር አለማለቷን አይተው ኖሯል። አባቴ፣ ሰው ተቆጥቶኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንዝርቱን ከጭቃው አንሥቼ በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ በአቅራቢያው የሚከራይ ቤት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ቁጣቸው ገና አልበረደም ነበር፤ ለልጅቷ ሲሉ ብቻ እንደሚያሳዩኝ ነግረውኝ፣ እየመሩ ከራሳቸው አጥር ጎን ወሰዱኝ። እትዬ አዛለች ይባላሉ። ያንን ቤት ተከራየሁት፤ አሁን ጎረቤታችን ናቸው።

ቄስ መርስዔ ኃዘን ጋ ራሴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲቀየሙኝ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ለአባትሽ ቃሉን እኔ እመልስለታለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ቃልዎ አልወደቀም።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ የመማሪያ ክፍሏ ውስጥም ልጅ በልጅ ላይ ነው። መምህሯን ስለለመንኳቸው ከፊት አስቀምጠዋታል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የመረጥኩት፣ አልጸጸትም። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ለጨዋታ ከሩቅ ይጠሯት ነበር፤ እሷ ዞር ሳትል ስትቀር ኮራችብን ብለው ይተዋት ጀመር። አሁን አይጠሯትም። ሮጠው ይመጡና ቀኝ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ ፊቷ ቆመው ይነግሯታል። ሰብስቦ ያስተማራቸው የለም፤ እትዬ አዛለች ሲያደርጉ አይተው ነው።

ለጥምቀት ይምጡና ቤቱን ጠበል ይርጩልን። የእርስዎን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ገና ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ሳሌም» ብለው ሰፈሩን ይቀሰቅሱታል። እባክዎ አይጥሯት። ቢረሱት ልጆቹ እንዴት እንደሚደረግ ያሳዩዎታል።

ቡራኬዎ አይለየን።

ልጅዎ ወሰንየለሽ
ከመሐል ሜዳ